የሮመን ፍራሾች አሰልጣኝ

አሜሪካን ፉትቦል የሚሉትን ጨዋታ አልወደውም። ከሚሮጡበት የሚቆሙበት ይበዛል፤ ለጥቂት ሰከንድ ይራኮታሉ፣ ከዚያ ራስ ለራስ ገጥመው ይመካከራሉ፣ እንደገና ይራኮታሉ፣ እንደገና ይመካከራሉ። ስብሰባማ አልናብሩ መጋዘን ውስጥ በደመወዝ እሰበሰባለሁ፤ በነጻ ሄጄ የሰው ስብሰባ የማይበት ምክንያት አልነበረኝም። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ስለ ገነነ የማወራው ጨዋታውን ወድጄ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው። እኔ የምወደው እምቢ ማለት የሚያውቅ ሰው ነው። በዚህ ኦስሎ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው እየተመናመነ ነው፤ ሁሉም «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ ማለት ነው፣ እያለ አንገቱን ይነቀንቃል።

ገነነ የእትዬ የዓለምወርቅ ልጅ ነው። ሮመን ሰፈር ውስጥ በአንድ ደረጃ እንወጣለን፤ እነሱ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ አራተኛ። ከደሴ ሲመጡ ገና ልጅ ነበር፤ እናቱ ስቶቭነር አካባቢ ትምህርት ቤት እያጸዱ ብቻቸውን አሳደጉት። ሰፈሩ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በቁመቱ ማጠርና በክንዱ። አንድ ክረምት ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በበረዶ ድቡልቡል የእኔን መስኮት መታው። ወርጄ ጆሮውን ስይዘው «ሳላስበው ነው» ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጋሼ ዋለልኝ፣ ስቼ አይደለም። አራተኛ ፎቅ አይደርስም ስላሉኝ ነው» አለኝ። ጆሮውን ለቀቅኩት። ርቀቱን ሳየው እኔም አይደርስም እል ነበር።

ጎረምሳ ሲሆን አንድ የክፍል ጓደኛው ይዞት ወደ ምዕራብ ኦስሎ ሄደ፤ ቤታቸው ጓሮ ያለው ልጆች የሚጫወቱበት የአሜሪካን ፉትቦል ክለብ አለ። አሰልጣኙ ሮአር የሚባል፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ኖርዌጂያን ነው። ምን ቦታ መጫወት ትፈልጋለህ ሲለው ገነነ «ኳርተርባክ» አለው። ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ከመሐል ተቀብሎ፣ ለማን እንደምትሄድ በዓይኑ ፈልጎ የሚወረውረው ነው። ከፊቱ ቁም ሳጥን የሚያክሉ ሰዎች ተደርድረው ይገፋፋሉ፤ እሱ በእነሱ ላይ አሻግሮ ማየት አለበት።

ሮአር ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም ይላል ገነነ፤ ለዚህ ነው ይበልጥ ያናደደው። «በእነዚህ ላይ አሻግረህ አታይም። ሯጭ ሁን። ኢትዮጵያዊ አይደለህ? ሩጫ በደማችሁ ነው» አለው።

«እኔ ሩጫ አልወድም» አለ ገነነ። «በቤታችን የምትሮጠው እናቴ ናት፤ እሷም የቲባነን ባቡር እንዳያመልጣት ብላ ነው።»

አንድ ሙሉ የጨዋታ ዘመን የውኃ ጠርሙስ ሲያቀብል አሳለፈ። ሌላው ቢሆን ወይ ይሮጥላቸዋል፣ ወይ ይተዋቸዋል። እሱ ግን ከልምምድ መልስ በየማታው ከብሎካችን ጀርባ በቆሙት የቆሻሻ ገንዳዎች መካከል ኳሷን ሲያሾልክ ያመሽ ነበር። «ሰው ሁሉ በላያቸው ነው የሚወረውረው፤ እኔ በመሐላቸው ነው የምወረውረው። ምን ያህል ቢገፋፉ በሰውና በሰው መካከል ክፍተት አይጠፋም» አለኝ። ጎረቤቶች ስለ ድምፁ ለቤቶች ማኅበር አመለከቱ። ማስጠንቀቂያው በር ላይ ተለጠፈ፤ እሱም በማግስቱ ወጥቶ ወረወረ።

በሁለተኛው ዓመት ዋናው ኳርተርባክ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት፣ ተተኪው ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ስፔን ሄዶ፣ ሮአር ወድዶ ሳይሆን ቸግሮት ገነነን አስገባው። ከዚያ በኋላ አላስወጣውም። ክለቡ ሁለት ጊዜ ዋንጫ የበላው በእሱ ክንድ ነው። እናቱ አንዱንም ጨዋታ አላዩም፤ ጨዋታው እሑድ፣ ቅዳሴውም እሑድ። «ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሉኝ ሰው ላይ ይወድቃል እላለሁ» ይሉ ነበር፤ ደግሞ ዋንጫ የያዘበትን ፎቶ ሳሎን ሰቅለውታል።

ከዚያ ትከሻው ሄደ። ከኋላ መጥተው ክንዱን እንደዘረጋ ጣሉት። ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ ዳግመኛ ተቀደደ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ሩቅ አትወረውርም አለው። ክለቡ የራት ግብዣ አደረገለት፣ ስሙ የተጻፈበት ጠፍጣፋ ብረት ሰጡት። ገነነ ያኔውኑ ሮአርን ረዳት አሰልጣኝ አድርገኝ አለው። ሮአር ቦታው እንደተያዘ ነግሮት ሌላ ነገር አቀረበለት፤ በምሥራቅ በኩል ያሉትን ልጆች እየመለመለ ወደ ክለቡ የሚያመጣ አገናኝ እንዲሆን።

«እኔ ኳርተርባክ ነኝ እንጂ አውቶቡስ አይደለሁም» ብሎ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶላቸው ወጣ። እትዬ የዓለምወርቅ ስለ ብረቱ ተቆጡ። እኔ ግን ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው ልጁን እንደ ትልቅ ሰው ማየት የጀመርኩት።

አልናብሩ እኔ ያለሁበት መጋዘን አስገባሁትና ፎርክሊፍት መንዳት ጀመረ። ሁለት ክረምት ያህል ስለ ኳስ ቃል አልተነፈሰም። በዚያው ሰሞን ሮመን ዳር ያለው አሮጌ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ማቀዝቀዣው ተሰበረ። ባለቤቱ ስቬሬ የሚባል ሰው ነው፤ ማሠሪያው ከሕንፃው ስለበለጠበት በረዶውን አቅልጦ በሩን ዘጋው። ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለ። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ገነነ በመስኮቱ አጮልቆ አየና ቀረ። ውስጡ ባዶ ወለል ነው፤ ዙሪያውን እስከ ወገብ የሚደርስ የሆኪ አጥር ከቦታል።

«ጋሼ ዋለልኝ፣ ይህ እኮ የአዳራሽ ፉትቦል ሜዳ ነው» አለኝ።

ያው ጨዋታ ነው፤ ግን ሜዳው አጭር፣ ተጫዋቹ በየወገኑ ስምንት፣ መውጫ መስመር የሚባል የለም። መስመሩ አጥሩ ነው፤ የተገፋ ሰው የሚቆመው አጥሩ ሲያቆመው ነው። ሩቅ መወርወር አያስፈልግም። ኦስሎ ውስጥ የክረምት የአዳራሽ ሊግ ሊጀመር ነው ተብሎ ይወራ ስለነበር ገነነ ስቬሬ ዘንድ ሄደ። ሰውየው አዳራሹን ለፓዴል ቴኒስ ድርጅት ሊሰጥ ጫፍ ደርሶ ነበር። ቢሆንም የሰፈር ልጆች ይጠቀሙበት ብሎ ውሉ ውስጥ አንድ ግዴታ አስገብቶ ፈረመለት፤ ቡድኑ በየክረምቱ በሜዳው የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች በሙሉ ጀምሮ መጨረስ አለበት። አንዱ እንኳ ሳይጀመር ወይም ተጀምሮ ሳያልቅ ከቀረ ውሉ አይታደስም፣ አዳራሹ ለፓዴሎቹ ይሄዳል።

አጥሩን የሚያለብሱበት ዕቃ ዋጋው አይቀመስም። ግንቦት ላይ ግን በየብሎኩ የጋራ ጽዳት አለ፤ ትልቅ ገንዳ ይመጣል፣ ፈረንጁ ሶፋውንም ፍራሹንም ይጥላል። ከሮመን እስከ ቬስትሊ ያለውን ፍራሽ በመጋዘኑ መኪና ለቅመን አመጣን። እትዬ የዓለምወርቅና የማኅበራቸው ሴቶች ሸራ ቆርጠው አለበሱት። ወፍራም የሚሰፋ ማሽን ያላቸው ኤርትራዊቷ ጎረቤታችን እትዬ ጸሃይቱ ነበሩና እሳቸውም መጡ። ሁለቱ ሴቶች በፖለቲካ አይስማሙም፤ በክር ውፍረት ደግሞ ጭራሽ። አጥሩ ዙሪያውን ተሸፈነ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጉን ስንቀላቀል ከምዕራብ የመጣው የሮአር ክለብ ደጋፊ «ማድራስ! ማድራስ!» እያለ ዘመረብን። ማድራስ ፍራሽ ማለት ነው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ገነነ በማግስቱ ስማችን ሮመን ፍራሽ ነው ብሎ አስመዘገበ፤ ማሊያው ጀርባ ላይ «ፍራሽ» ብሎ በእኛው ፊደል አሳተመ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል፤ የእኛ ከጎረቤት ወጥቶ ቤት ገባ። አሁን ስቶቭነር ሴንተር ውስጥ ያንን ማሊያ ለብሶ የሚንጎማለል ልጅ ታያላችሁ።

አሠለጣጠኑ የራሱ ነው። ኳስ በጣለ ልጅ ላይ አይጮኽም። አርፍዶ የመጣ ወለል ይጠርጋል፣ ራሱም ጭምር። «አልችልም» ላለው ልጅ «እስቲ እንደማትችል አሳየኝ» ይለዋል፤ ልጁ አለመቻሉን ሊያሳይ ሲሞክር ይችለዋል። ኳርተርባኩ አቢ የሚባል ቀጭን ረጅም ልጅ ነው። «ረጅም ነኝ ብለህ በላያቸው አትይ፣ ስንፍና ነው» ይለዋል። እኔንም ካምፕቨርት አደረገኝ፤ በሜዳችን ጨዋታ ሲኖር ቢጫ ሰደርያ ለብሶ በር የሚከፍት፣ ሥርዓት የሚያስከብር ሰው ነው። ሰደርያው ስለሚያምርብኝ እሺ አልኩ።

አዳራሹን ሊያሳጣን የደረሰውን ስህተት የሠራነው እኔና እሱ ነን። ባለፈው ዓመት የእኛና የእነሱ ፋሲካ በአንድ እሑድ ውሎ ነበር። ከአለቃ ጋር ሳንነታረክ፣ ፈቃድ ሳንለምን ሰግደን ፈሰክን፤ ደስ ብሎን ነበር፣ ለካ አዘናግቶናል። በመኸር የሊጉ ኮሚቴ የመጨረሻው የሜዳችሁ ጨዋታ ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ይሁን ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ የእነሱ ካለፈ የእኛም ያልፋል ብለን፣ አንዳችንም ቀን ሳንቆጥር፣ ገነነ «ያ» ብሎ መለሰ። ጾሙ ሲገባ እትዬ የዓለምወርቅ በጣታቸው ቆጥረው ነገሩን። ያ ዓርብ ስቅለት ነው።

ገነነ ለኮሚቴው ደወለ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሳምንት የውጪው ሜዳ ጨዋታ ይጀመራል፣ ዳኞቹም ተመድበዋል፣ ደግሞም ራሳችሁ እሺ ብላችኋል አሉት። እውነታቸውን ነው። አልተቀየምኳቸውም፤ አልወደድኳቸውምም። ስቬሬ ጋር ሄደ፤ ስቬሬ ውሉን በጣቱ አሳየው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ ተጋጣሚው የሮአር ክለብ ነው።

ከልጆቹ ከአምስቱ በቀር ሁሉም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ኦርቶዶክስ ቤት የወጡ ናቸው። አምስቱ ሁለት ኖርዌጂያኖች፣ አንድ ሶማሌ፣ አንድ ፓኪስታናዊና አንድ ቺሌያዊ ናቸው። የሊጉ ደንብ በትንሹ ስድስት ሰው ሜዳ ላይ ከሌለ ጨዋታው አይጀመርም፣ ተጀምሮም ከሆነ ይቆማል ይላል። ስም ደግሞ ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ነው የሚመዘገበው፤ ዘግይቶ የመጣ አይገባም።

አቢ እጫወታለሁ አለ። «ትሬነር፣ እግዜር ይገባዋል። አዳራሹን ከወሰዱብን ዴት ኤር ስሉት» አለው፤ አበቃልን ማለቱ ነው።

«እግዜር ይገባው ይሆናል፤ እናትህ ግን አይገባትም» አለ ገነነ። «እናንተ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳላችሁ። አንዳችሁንም እዚህ እንዳላይ። ከእናንተ መካከል መምረጥ ያለበት ሰው ካለ እኔ ነኝ፣ አሰልጣኙ እኔ ነኝና።»

«እና ስድስተኛው ማነው?»

«አሰልጣኝ መጫወት አይችልም የሚል ደንብ የለም፤ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።»

በዚያው ሳምንት የንስሐ አባቱ ቀሲስ ይልቃል ዘንድ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። ቀሲስ ይልቃል ሰምተውት ጺማቸውን ያዙ። «በስቅለት ቀን ለኳስ ቡራኬ የለኝም» አሉ።

«ቡራኬ ብዬ አልመጣሁም አባ። ንስሐውን አስቀድመው ይስጡኝ ብዬ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ልጨርሰው።»

«ኃጢአቱ ሳይሠራ ንስሐ ይሰጣል እንዴ? ሂድና ሠርተህ ና» አሉ፤ ወዲያው ያሉት ነገር ገባቸውና «ማለቴ አትሥራ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙን። ደረጃው ላይ እስክንደርስ ሳቄን አፍኜ ነበር።

እናቱ ግን አላሳቁንም። «እኔ በሰፋሁት ፍራሽ ላይ በስቅለት ሰው አይወድቅም» አሉት። «ይሄ ቤት ከሄደ ሌላ ቤት ይመጣል። ቀኑ ግን አንድ ነው።»

«እማዬ፣ ሌላ ቤት አይመጣም። ሃያ ዓመት ስትጠርጊላቸው አንዱን ክፍል ያንቺ ነው ያለሽ አለ?»

እትዬ የዓለምወርቅ እግሬን ከዚያ አዳራሽ ብጨምር ብለው ማሉ። ደግሞ በጸሎተ ሐሙስ ማታ አንድ ትልቅ ሳህን ጉልባን ሞልተው «ለእነዚያ ለማይሰግዱት ልጆች ስጣቸው» ብለው እኔ እጅ ላይ አኖሩት። ሲንድረ የሚባለው ግዙፉ ኖርዌጂያን ብቻውን ግማሹን በላው።

ዓርብ ከማለዳ ጀምሮ ሁላችንም ከተከራየናት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበርን። ገነነ ከፊቴ ነበር የሚሰግደው። ትከሻው ሲነሳ እንደሚያመው አውቃለሁ፤ አንዷንም አላስቀራትም። የዘጠኝ ሰዓቱ ንባብ እንዳለቀ ነጠላውን አጣጥፎ ለእናቱ ሰጣቸው። ተቀበሉት፤ አላዩትም። እሱና እኔ ወጣን። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውኃም አፋችን አልገባም።

አዳራሹ ስንደርስ የሮአር ልጆች ይሟሟቃሉ። ስድስት ሆነን ሲያዩ ተያዩ። አንደኛው ሳቀ። ማዕዘኑ ላይ ስቬሬ ከአንድ ጃኬቱ ከተተኮሰ ሰውዬ ጋር ቆሟል፤ ሰውየው በእጁ ቀይ ብርሃን የሚረጭ መለኪያ ይዞ ከፍራሽ እስከ ፍራሽ ይለካል። የፓዴሉ ሰው ነው። ሬሳው ሳይወጣ ቤት የሚከራይ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሰደርያዬን አጥልቄ ሄድኩና «እዚህ ጨዋታ አለ፣ ከአጥሩ ውጡ» አልኩት። ለመለካት ብቻ ነው አለኝ። «እኔ ካምፕቨርት ነኝ» አልኩት። በዚህ አገር ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ትልቅ ሥልጣን አለው፤ ወጣ።

ፊሽካው ተነፋ። ስድስት ለስምንት ነው። ሲንድረ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ያቀብላል፣ ገነነ ይቀበላል፣ ከዚያ ሁለት ሰው ማንም ሳይነካው ይመጣበታል። ሶማሌው ሊባን ሲሮጥለት አንዳንዴ አጭሯን ይጥልለታል፣ ሊባንም ይያዛል። ብዙውን ጊዜ ግን ገነነን ከነኳሱ ተሸክመው ፍራሹ ላይ ይለጥፉታል። ሸራው ሲጮኽ ድምፁ ከጣሪያው ይመለሳል። ይነሳል፣ ሄልሜቱን ያስተካክላል፣ ወደ ቦታው ይሄዳል። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ የማየው ውጤቱን አልነበረም፤ መነሳቱን ነው። እሱ ወይም ከአምስቱ አንዱ ካልተነሳ ነገሩ ያልቃል።

እረፍት ላይ ሠላሳ አራት ለዜሮ ነበር። ከሮአር ልጆች አንዱ የውኃ ጠርሙስ አመጣለት። ገነነ አመስግኖ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ሮአር ራሱ መጣ፤ ሸብቷል፣ አሁንም በር ላይ ጎንበስ ይላል።

«ገነነ፣ ይበቃል። ተስማምተን እናቁመው። ማንም አያፍርበትም» አለው።

«ከቆመ አላለቀም ማለት ነው። ካላለቀ ቤቱን እናጣለን።»

«ትከሻህ...»

«ሮአር፣ አጭር ነህ ብለኸኝ ታውቃለህ። ደካማ ነህ ግን ብለኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ አትጀምር።»

ሁለተኛው ግማሽ ሲጀመር የሮአር ልጆች ቀስ ብለው ይመጡ ጀመር፤ እንደ ሽማግሌ እጁን ይዘው ያስቀምጡታል። ገነነ ኳሷን መሬት ላይ ፈጠፈጣት። «ምንድነው ይሄ? እኔ ሕፃን ነኝ? ተጫወቱ» አላቸው በኖርዌጅኛ። ወደ ሮአር አዩ። ሮአር አንገቱን ነቀነቀላቸው። ከዚያ በኋላ የመጡበትን አመጣጥ ማየት አልቻልኩም፤ ካምፕቨርት ፊቱን ማዞር የለበትም፣ እኔ ግን አዞርኩ። ተናድጃለሁ፣ በሁሉም ተናድጃለሁ፤ በኮሚቴው፣ በስቬሬ፣ በእኔና በእሱ ባልቆጠርነው ቀን፣ ትንሽ ትንሽም በገነነ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ተከፈተ። ስግደቱ አልቆ ኖሮ ልጆቹ በቲባነን ባቡር መጥተዋል፤ አቢ ከፊት፣ ሁሉም ነጠላ እንደለበሱ። በፍራሾቹ ዙሪያ ተደርድረው ቆሙ። ቀኑ ስቅለት ነው፤ አይጨበጨብም፣ እልል አይባልም። የሮአር ደጋፊዎች እንኳ ዝምታው ተጋባባቸው። በስተመጨረሻ እትዬ የዓለምወርቅ ገቡ። የማሉትን እንዳፈረሱ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። የልጃቸውን ነጠላ እንደታጠፈ ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

ያኔ ነው ከሁለት ወገን መጥተው የመቱት። ኳሷ ወጣች፣ እሱ በታመመው ትከሻው በኩል አጥሩን ገጭቶ ወረደ። አልተነሳም። ዳኛው ሮጦ መጥቶ ተንበረከከ። «መነሳት ትችላለህ? ካልቻልክ አቆመዋለሁ» ሲል ሰማሁት። የፓዴሉ ሰውዬ ከግድግዳው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። በቃ አልኩ።

እትዬ የዓለምወርቅ ነጠላውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። እዚያው አጥሩ ሥር፣ ልጃቸው ከወደቀበት ፍራሽ ማዶ፣ ተንበርክከው ግንባራቸውን ሲሚንቶው ላይ አደረጉ። ተነሡ። እንደገና ወረዱ። አቢ አያቸውና ወረደ። ከዚያ ሁሉም ወረዱ፤ እናት ብቻዋን ስትሰግድ ቆሞ የሚያይ የለም። ቢጫ ሰደርያዬን እንዳጠለቅኩ እኔም ወረድኩ። «ኪርያላይሶን» የሚለው ከማን አፍ እንደወጣ አላውቅም፤ ዝቅ ያለ ነው፣ ዜማ አልነበረውም። ፈረንጆቹ ምን መሰላቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ሮአር ቆቡን አወለቀ።

ቀና ስል ገነነ በጉልበቱ ነበር። ግራ እጁን ፍራሹ ላይ ተክሎ፣ ቀኙ ተንጠልጥሎ፣ ቆመ። ዳኛው ፊቱን አየው፣ እጁን አየው። «ኳሷን በግራም መቀበል ይቻላል» አለው ገነነ። ሲንድረ እያለቀሰ ቦታው ላይ ጎንበስ አለ። ኳሷን በግራው ተቀበለ፤ ታቅፏት ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ታቅፏት ተቀመጠ፣ ሰዓቱ አለቀ። ሃምሳ ስምንት ለዜሮ ተሸነፍን።

ሮአር ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ እጁን ዘረጋ። ገነነ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «በዛሬው ቀን እኛ ሰው አንጨብጥም። እሑድ ና፣ እማዬ ቤት፤ ያኔ እጨብጥሃለሁ» አለው። ሮአር ቆቡን እንደያዘ «እመጣለሁ» አለ። ስቬሬ ዳኛውን ጨዋታው በደንቡ አልቋል ወይ ብሎ ጠየቀው። ዳኛው አልቋል አለ። ጃኬቱ የተተኮሰው ሰውዬ መለኪያውን ኪሱ ከትቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

እትዬ የዓለምወርቅ ልጃቸው ፊት ቆሙ። ይቆጡታል ብዬ ነበር። ነጠላውን ዘርግተው ትከሻው ላይ፣ በታመመው በኩል ቀስ ብለው ጣሉለት። «ቤቱ ቀረልን?» አሉት።

«ቀረልን፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ቀሲስ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እኔም ምያለሁ፣ አፍርሻለሁ።»

ልጆቹ እሱን ደግፈው ይዘው ወጡ። እኔ ካምፕቨርት ነኝና የመጨረሻው ሥራ የእኔ ነው፤ መብራት ማጥፋት፣ የውጤት ሰሌዳውን ማጥፋት። እጄን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ሳደርግ ገነነ ከበሩ ተመለሰ።

«ሰሌዳውን ተወው ጋሼ» አለኝ።

«ሃምሳ ስምንት ለዜሮ ነው እኮ የሚለው።»

«ማንበብ እችላለሁ። በመስኮቱ የሚያልፍ ሁሉ ያንብበው። ከዜሮው በላይ የተጻፈውንም ያንብብ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከዜሮው በላይ በኖርዌጅኛ «የሜዳው ባለቤት» ይላል፣ ከጎኑ «ሮመን ፍራሽ»። ሰሌዳውን እንደበራ ትቼ ወጣሁና በሩን ቆለፍኩ፤ ቁልፉንም ኪሴ ከተትኩት።